ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

«ነገ ወላጅህን ይዘህ ና!» የምትለውን አጭር ትእዛዝ ያልተናገረ መምህር፣ ያልሰማም ተማሪ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ይገኛል ብዬ አላምንም። እኔም በመምህርነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት ስንት ጊዜ እንደ ተናገርኋት አላስታውስም። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ግን ይህችው ትእዛዝ ከአፌ ወጥታ ተመልሳ ራሴን ወቀሰችኝ። ለዚህ ጽሑፍም መነሻ የሆነችው እርሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሜን አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤቱንም የድራማ ክበብ እመራለሁ። በዚያን ጊዜ በሰባተኛ ክፍል ከማስተምራቸው ተማሪዎች አንዱ፣ ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆን ጸጥተኛ ልጅ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ቀን አርፍዶ መጣ። ምክንያቱን ብጠይቀው አቀርቅሮ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ንቀት ቈጥሬ ያቺን የተለመደች ትእዛዝ ሰጠሁት። በማግሥቱም ሆነ በሠልስቱ ልጁ አልመጣም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጥቁር ቀሚስ የለበሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የዘለለ እናት የልጁን እጅ ይዘው ከመምህራን ክፍል ደጃፍ ቆሙ።

«መምህር» አሉኝ፤ «ወላጅ አምጣ ተባልሁ ብሎ ይኸው ሁለት ቀን ሙሉ ተሸፋፍኖ ተኛብኝ። እናቱን ቀብሬያታለሁ። አባቱ ያለው ማረሚያ ቤት ነው፤ እናቱንም የገደላት እሱ ነው። የቀረሁት እኔ አያቱ ነኝና፣ እኔን ይቀበሉኝ እንደሆነ ብዬ መጣሁ።»

ለዚህ ንግግር መልስ አልነበረኝም። ይቀመጡ ለማለት እንኳ ጊዜ ወሰደብኝ። የልጁ የማርፈድ ምክንያትም የተገለጸልኝ ያን ዕለት ነው። በሰፈራቸው ውኃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት ነበርና ልጁ ተነሥቶ ጀሪካን ይሞላል። አያቱ ጎሕ ሳይቀድ በዚያን ጊዜ ፒያሳ አጠገብ ወደ ነበረው አትክልት ተራ ወርደው ለጉልታቸው ሽንኩርትና ድንች ይዘው እስኪመለሱ ድረስ፣ ታናናሾቹን አልብሶና ቁርስ አብልቶ፣ ስምንት ዓመት የሆናትን እኅቱን ከትምህርት ቤቷ፣ የሦስት ዓመቱን ሕፃን ደግሞ ከጎረቤት አድርሶ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። እኔ እንግዲህ ወላጅ እንዲያመጣ ያዘዝሁት ራሱ ለሁለት ልጆች ወላጅ የሆነውን ልጅ ነበር።

* * *

ልጆቹ እናታቸውን ያጡት በ2009 ዓ.ም. ነው። ግድያው ድንገት ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ለዓመታት የድብደባው ድምፅ ከግድግዳ አልፎ ይሰማ ነበር፤ ጎረቤትም «የባልና የሚስት ነገር ነው» እያለ በሩን ይዘጋ ነበር። እንዲህ የሚያስበው ያ ሰፈር ብቻ እንዳልሆነ ማስረጃ አለን። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያመለክተው፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዚሁ ጥናት ውስጥ ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 51,100 የሚጠጉ ሴቶችና ልጃገረዶች በትዳር አጋራቸው ወይም በቤተሰባቸው አባል እጅ መገደላቸውን ገምቷል። ከእነዚህ ሟቾች አያሌዎቹ እናቶች ናቸው። ከእያንዳንዷ እናት በስተኋላ ልጆች አሉ፤ ከልጆቹ በስተኋላ ደግሞ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የማይሰፍር አያቶች፣ አክስቶችና አጎቶች አሉ።

የለቅሶው ሥርዓት እንደ ደንቡ ተፈጸመ። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ወንበር ተደረደረ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። አልቃሹ ደረት መታ፤ የተቻለውም ገንዘብ ጣለ። በሠልስቱ ድንኳኑ ተነቀለ። «በአራተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ» ሲሉ አጫወቱኝ አያቲቱ፤ «ሦስት ልጆች ከራስጌዬ ተቀምጠው ቁርስ ይጠብቁኛል። ያን ዕለት እንባዬን ዋጥሁት። ከዚያ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም።»

* * *

አሁን ስለ ራሴ የማያኮራኝን ነገር መጻፍ ይኖርብኛል።

በዚያው ዓመት የካቲት ወር የአባትየው ዘመዶች ሽማግሌ ሰበሰቡ። ዓላማቸው እርቅ ነበር። የእርቅ ሰነድ ቢገኝ እሥረኛው ለሚያቀርበው የይቅርታ ማመልከቻ ይረዳል የሚል ተስፋ ነበራቸው። የልጁ መምህር ነህ፣ አሮጊቷ ይሰሙሃል ብለው እኔንም ለመኑኝ። እርቅ መልካም ነገር ነው ብዬ ያለ ብዙ ማሰብ ሄድሁ። ሽምግልና በአገራችን ስንት ደም እንዳደረቀ፣ ስንት ቂም እንዳስቀረ ስለማውቅ ዛሬም ቢሆን ለመንቀፍ አልነሣም። ሆኖም ያን ዕለት እሑድ ከአያቲቱ ቤት የተቀመጥነው ስድስት ወንዶች ነበርን። የመጣነውም አንዳች ነገር ልንሰጣቸው አልነበረም፤ ልንቀበላቸው ነበር። «ሰይጣን አሳስቶት ነው» አለ አንዱ። «ያለፈው አልፏል» አለ ሌላው። ተራዬ ሲደርስ እኔም «ለልጆቹ ሲባል፣ ልጅ ያለ አባት አይሆንምና...» ብዬ ጀመርሁ።

አያቲቱ አላስጨረሱኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ሲሉኝ የነበሩት እናት ያን ጊዜ «አንተ» አሉኝ፤ አጠራራቸው ግን የቁጣ አልነበረም፣ እናት ልጇን እንደምትገሥጽ ነበር እንጂ። «ልጄ፣ ይቅርታውን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ፤ የምፈርመው ወረቀት ግን የለኝም። ለልጆቹ ሲባል ትላለህ። ከዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ልጆቹ ሌሊት ምን ብለው እንደሚጮኹ የጠየቀኝ ማን ነው?»

ማንም አልመለሰም። ቡናው ሳይጠጣ ተነሣን። ወደ ቤቴ ስመለስ የሆነ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና እግሬ ከዳኝ። በ2010 ዓ.ም. በወላጆች በዓል ላይ የድራማ ክበባችን ያሳየው አጭር ተውኔት የእኔ ድርሰት ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ሰካራም ባል ሚስቱን በዱላ እያሳደደ መድረኩን ይዞራል፤ ተመልካቹም በሳቅ ይፈነዳል። ያ ልጅ ያን ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ከተመልካቾቹ መካከል ነበረ።

* * *

በማግሥቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ ጉልታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ምን ላድርግልዎ ብዬም ጠየቅሁ። ገንዘብ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ጥቂት አስበው እንዲህ አሉኝ፦ «አንድ ቀን ብቻ ልጆቹን ያዝልኝ። ከልጄ መቃብር ሄጄ ላልቅስ። በነሱ ፊት አለቀስሁ እንደሆነ እንደገና ይፈርሱብኛል።»

ይህች ልመና ብዙ ነገር አስተማረችኝ። ስለ እነዚህ ልጆች በተነጋገርን ቊጥር የምናየው የልጆቹን መከራ ብቻ ነው። አሳዳጊዋ ግን የሟች እናት ናት፤ እኅት ወይም አክስት ናት። ሐዘኑ ለእርሷም ሐዘን ነው። ይሁን እንጂ ገና ሳታለቅስ አሳዳጊ ሆናለችና ሐዘኗን የምታሳርፍበት ሥፍራ የላትም። እንደ እኔ አስተያየት የድጋፍ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ማወቅ ነው። ከአራት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተመካክረን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን በየተራ ከድራማ ክበቡ ማዋል ጀመርን። በመጀመሪያው ቅዳሜ አያቲቱ ማታ ሲመለሱ ዓይናቸው አብጦ ነበር፤ ፊታቸው ግን ካወቅኋቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል ያለ መሰለኝ።

ሁለተኛው ችግር የወረቀት ነበር። ልጁ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊመዘገብ፣ ሕፃኑም ክትባትና ሕክምና ሊያገኝ ሲል በየቅጹ ላይ «የአባት ወይም የሞግዚት ፊርማ» የሚል መስመር ይመጣል። አባት በሕይወት አለ፤ ሞግዚት ደግሞ አልተሾመም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከወላጆች አንዱ በሞተ ጊዜ በሕይወት ያለው ብቻውን የልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ አባት ወይም እናት በሕመም በሞቱ ጊዜ ተገቢ ነው። ለሟቿ ሞት ምክንያት የሆነው በሕይወት ያለው ወላጅ ራሱ በሆነ ጊዜ ግን፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሥልጣኑ እንዲነሣ ካልተጠየቀ በስተቀር፣ ገዳዩ በእሥር ቤት ተቀምጦ የልጆቹ አሳዳሪ ሊባል ነው። ፍርድ ቤት ለመቅረብ ደግሞ ማመልከቻ መጻፍ፣ ማስረጃ ማሰባሰብ፣ ምስክር ማቅረብ፣ በቀጠሮም መመላለስ ያስፈልጋል። ጉልት የምትነግድ ሴት በእያንዳንዱ የቀጠሮ ቀን የዕለቱን እንጀራ ታጣለች። አንድ የመዝገብ ሠራተኛ «አባታቸው አሉ ወይስ የሉም?» ብሎ ሲጠይቃቸው አያቲቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው «አለ ማለት ይከብደኛል፣ የለም ብል ውሸት ይሆንብኛል» ማለታቸውን አልረሳውም። እኔ ማመልከቻውን ጻፍሁ፤ ከምስክሮቹም አንዱ ሆንሁ። ውሳኔው ከወራት በኋላ ተሰጠ። አያቲቱ ማንበብ አይችሉምና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብሁላቸው፤ ከዚያም አጣጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩት።

ስለዚህ ጉዳይ ሌሎች አገሮች ያደረጉትን ማወቅ ይጠቅማል። አርጀንቲና በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው፣ የብሪሳ ሕግ ተብሎ በሚጠራው ሕግ፣ እናታቸው በቤት ውስጥ ጥቃት ለተገደለችባቸው ልጆች ከዝቅተኛው የጡረታ አበል ጋር የተመጣጠነ ክፍያ እስከ 21 ዓመታቸው በየወሩ እንዲሰጥ ደንግጋለች። ጣሊያንም በዚያው ዓመት ለእነዚሁ ልጆች የተለየ ሕግ አውጥታለች። የብሪታንያ ፓርላማ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. የልጆቹን ሌላ ወላጅ በመግደል የተፈረደበት ሰው የወላጅነት ሥልጣኑ ወዲያውኑ እንዲታገድ የሚያስችል ሕግ አጽድቋል። በዚህ መንገድ ሸክሙ ከአያት ትከሻ ወርዶ ወደ ፍርድ ቤቱ ይዞራል ማለት ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ መንግሥት ለወላጅ አልባ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ ይናገራል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ወንጀል አድርጎታል። መሠረቱ ተጥሏል፤ የጎደለው ከመሠረቱ እስከ ጉልቷ ድረስ የሚዘልቀው መንገድ ነው።

ኑሮን በሚመለከት የሰፈሩ እድር ያደረገውን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የእድር ደንብ በልማድ የሚያስበው ለሟች ነው። ነገር ግን በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ኤድስ ስንቱን ቤት ባዶ ባስቀረ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር። ይህንኑ ለሰፈሩ እድር ሽማግሌዎች አስታወስናቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ ለአያቲቱ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ተቈረጠ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ የቤት ኪራዩን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። ነገር ግን በየወሩ ሳይጠየቅ የሚመጣ ትንሽ ገንዘብ አንድ ጊዜ በለቅሶ ቤት ከሚጣል ብዙ ገንዘብ እንደሚበልጥ አይቻለሁ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ መሰጠቱም የሁለቱን ልጆች ቁርስና ምሳ ከአያቲቱ ሸክም ላይ አንሥቶላቸዋል።

* * *

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ችግር የቃል ችግር ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጅ እናቷ ዓረብ አገር ለሥራ እንደ ሄደች ተነግሯት ነበር። ያን ሌሊት ከጎረቤት ቤት አድራ ስለ ነበር አላየችም። የማንም ስልክ በጮኸ ቊጥር ትሮጣለች። አያቲቱ «ውሸቴ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህን የሚመልስ ትምህርት አልነበረኝምና በሥነ ልቦና ሙያ የሠለጠነች ወዳጄን አማከርሁ። ዶክተር ዶራ ብላክ የተባሉ እንግሊዛዊት የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ1993 እ.ኤ.አ. «አባት እናትን ሲገድል» የሚል መጽሐፍ ማሳተማቸውን የነገረችኝ እርሷ ናት። ምክሯም ግልጽ ነበር፦ እውነቱ ለልጆቹ በዕድሜያቸው ልክ፣ በሚያምኑት ሰው አፍ ሊነገራቸው ይገባል፤ ያልተነገረውን ልጆች በራሳቸው ሐሳብ ይሞሉታልና፤ የሚሞሉትም ብዙ ጊዜ በራሳቸው ጥፋተኝነት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቲቱ ቡና አፍልተው ሁለቱን ልጆች አጠገባቸው አስቀመጡ። እኔም እንድገኝ ፈልገው ነበር። «እናታችሁ ሞታለች» አሉ። «የገደላት አባታችሁ ነው። የሱ ጥፋት ነው፤ የእናንተ አይደለም።» ልጅቱ ወደ አያቷ ጉያ ገብታ አለቀሰች። ልጁ ግን ለብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «እኔ እኮ ያን ሌሊት ተኝቼ ነበር። ነቅቼ ቢሆን ኖሮ...» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይዞት የኖረው ይህን ኖሯል። «ልጅ ሌሊት መተኛት ነው ሥራው» አሉት አያቱ፤ «አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው።» ያን ዕለት አያቲቱ በልጆቹ ፊት አለቀሱ። እንደ ፈሩት ልጆቹ አልፈረሱም።

የሰዋስው መምህር እንደ መሆኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ይኖራል። ሰፈሩ ሁሉ ስለዚህች ሴት ሲናገር «አደጋ ደረሰባት»፣ «ክፉ ቀን ገጠማት»፣ «ሰይጣን አሳሳተው» ይል ነበር። በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ባለቤቱ ወይ አደጋ ነው፣ ወይ ቀን ነው፣ ወይ ሰይጣን ነው። ገዳዩ የለም። አያቲቱ ግን ፊደል ሳይቈጥሩ ትክክለኛውን ባለቤት በትክክለኛው ቦታ አስቀመጡት፤ ልጁም ከተሸከመው ጥፋት ነጻ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ቋንቋን የምናስተምር፣ በቋንቋም የምንጽፍና የምንጫወት ሰዎች ከዚህ የምንማረው ያለ ይመስለኛል። ያን የዱላ ተውኔት እኔው ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ሆኖም ሚስት ስትመታ ተመልካቹ የሚስቅበት ትዕይንት ከመድረኮቻችን ገና ፈጽሞ አልጠፋም።

* * *

ዛሬ ያ ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት አልፎት የነዋሪነት መታወቂያ አውጥቷል። ታናሽ እኅቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። አያቲቱ ጉልበታቸው ቢደክምም ጉልታቸውን አልተዉም፤ ሌሊት ግን ሕፃኑ አሁንም አንዳንድ ጊዜ እየጮኸ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ማን እንዳስደነገጠው አያውቅም። ሁሉ ነገር ተፈወሰ ብዬ ልጽፍ አልችልም። የአባትየው የእሥር ዘመን አንድ ቀን ያልቃል፤ አያቲቱም ያን ቀን እያሰቡ ይተኛሉ። በዚያን ቀን ብቻቸውን እንዳይሆኑ ከወዲሁ ተነጋግረናል።

በትምህርት ቤታችን ያመጣነው ለውጥ ከአንዲት ቃል አይበልጥም። በመምህራን ስብሰባ ላይ ባቀረብሁት ሐሳብ መሠረት፣ «ወላጅህን ይዘህ ና» ማለት ቀርቶ «አሳዳጊህን ይዘህ ና» ማለት ተለምዷል። ከዚያም በፊት «ለምን አረፈድህ?» ብለን በሩን ዘግተን፣ ለብቻው፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጠይቃለን።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች አብዛኞቻችን በየወረዳው ስብሰባ የምንመራ፣ በየክፍሉ የምናስተምር፣ በየመድረኩ የምንቆም ሰዎች ነን። በየሰፈራችን እንዲህ ያለ ለቅሶ ሲደርስ እንሄዳለን፤ መሄዳችንም ደግ ነው። ነገር ግን በሠልስቱ ድንኳኑ ሲነቀል፣ ወንበሩ ሲቈጠር፣ በዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት እንባዋን ውጣ ስንት እንጀራ እንደቀረ ትቈጥራለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት በሯን ልናንኳኳ ይገባል፤ ስንገባም አጽናኝ ቃል ከማብዛታችን በፊት «እርስዎስ መቼ ያለቅሳሉ? ልጆቹን እኛ እንያዝልዎ» እንበላት።